ገዳቢውን ግብዓት መለየትና የምርት መቶኛን ማስላት፦ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው መልስ

የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ሳርም ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት አንድ ነው። ጥያቄው የሁለት ንጥረ ነገሮችን ክብደት በግራም ይሰጣል። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያይና አነስተኛውን መርጦ "ቀድሞ የሚያልቀው ይህ ነው" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በታች ያለው ሥራ እንከን የለውም፤ ማካፈሉ ትክክል፣ ማባዛቱ ትክክል፣ አሃዱም ትክክል። መልሱ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ስቷል። ያን ያህል ደክሞ ነጥብ የሚያጣ ተማሪ ሰነፍ አይደለም። የተሳሳተው ሊወዳደሩ የማይገባቸውን ነገሮች ስላወዳደረ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሱ ነው።

ከመጀመራችን በፊት በቃላቱ እንግባባ። ወደ ሪአክሽን (ወደ ኬሚካዊ ለውጥ) የሚገቡትን ንጥረ ነገሮች "ግብዓት"፣ ከሪአክሽኑ የሚወጡትን "ምርት" እላቸዋለሁ። በክፍል ውስጥ ሊሚቲንግ ሪአክታንት እየተባለ የሚጠራው ቀድሞ የሚያልቀውና ሪአክሽኑን የሚያስቆመው ነው፤ እዚህ "ገዳቢ ግብዓት" ይባላል። ኤክሰስ ሪአክታንት የሚባለው "ትርፍ ግብዓት" ነው። ፐርሰንቴጅ ይልድ ደግሞ "የምርት መቶኛ" ነው። የንጥረ ነገሮቹን ምልክት በደብተራችሁ ላይ እንደተለመደው ጻፉ፤ እኔ እዚህ በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ምን ከምን ጋር ይወዳደራል?

አንድ አናጺ 9 የጠረጴዛ ገጽና 32 የጠረጴዛ እግር አለው እንበል። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ 1 ገጽና 4 እግር ያስፈልጋል። ስንት ጠረጴዛ ይሠራል? ገጹ ለ9 ጠረጴዛ ይበቃል። እግሩ ግን 32 ለ4 ሲካፈል 8 ነውና ለ8 ጠረጴዛ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ 8 ጠረጴዛ ተሠርቶ አንድ ገጽ ይተርፋል። እግሩ በቁጥር ከገጹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው ግን እሱ ነው።

እዚህ ላይ ያወዳደርነው 9ን ከ32 ጋር አይደለም። ያወዳደርነው 9ን ከ8 ጋር ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ለስንት ጠረጴዛ እንደሚበቃ ነው። በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። የተመጣጠነው እኩልዮሽ በሞል (የንጥረ ነገር ቅንጣቶች ብዛት በሚለካበት አሃድ) እንደተጻፈው አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲፈጸም "አንድ ዙር" ብላችሁ አስቡት። ለእያንዳንዱ ግብዓት የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ለስንት ዙር ይበቃል? ግራም አይወዳደርም። ሞልም እንዳለ አይወዳደርም። የሚወዳደረው ዙር ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ማባዛትና ማካፈል ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይዘን በየእርምጃው እንሂድ። 56.0 ግራም ናይትሮጅን ጋዝ ከ10.0 ግራም ሃይድሮጅን ጋዝ ጋር ተገናኝቶ አሞኒያ ይሠራል። ገዳቢው ግብዓት የትኛው ነው? ስንት ግራም አሞኒያ ይጠበቃል? በተግባር የተገኘው 42.5 ግራም ከሆነ የምርት መቶኛው ስንት ነው?

እርምጃ 1፦ እኩልዮሹን አመጣጥኑ

ሁለቱም ጋዞች በተፈጥሮ የሚገኙት አቶሞቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። የአሞኒያ ሞለኪውል ደግሞ 1 የናይትሮጅንና 3 የሃይድሮጅን አቶም ይዟል። ስለዚህ የተመጣጠነው እኩልዮሽ ይህ ነው፦

1 ናይትሮጅን + 3 ሃይድሮጅን → 2 አሞኒያ

ከግራ 2 የናይትሮጅንና 6 የሃይድሮጅን አቶም፣ ከቀኝም ያንኑ ያህል። ቆጥራችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ወደሚቀጥለው መስመር አትለፉ። ከፊት ያሉት ቁጥሮች፣ ማለትም 1፣ 3 እና 2፣ የአንድ ዙር የምግብ አዘገጃጀት ናቸው ማለት ይቻላል፤ እነሱ ከተሳሳቱ ሌላው ሁሉ ይሳሳታል። አንዳንድ ጥያቄ እኩልዮሹን ሳይመጣጠን ሆን ብሎ ያቀርበዋል። የተሰጠ ነገር ሁሉ የተመጣጠነ ነው ብላችሁ አትመኑ።

እርምጃ 2፦ ሁሉንም ወደ ሞል ለውጡ

ግራሙን ለአንድ ሞል ክብደት አካፍሉ። የአንድ ሞል ክብደት የሚገኘው ከንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ የአቶሞቹን ክብደት በመደመር ነው። ሃይድሮጅንን 1.0፣ ናይትሮጅንን 14.0 ብለን ብንይዝ፦

ናይትሮጅን ጋዝ፦ 2 × 14.0 = 28.0 ግራም በሞል፤ 56.0 ÷ 28.0 = 2.00 ሞል
ሃይድሮጅን ጋዝ፦ 2 × 1.0 = 2.0 ግራም በሞል፤ 10.0 ÷ 2.0 = 5.00 ሞል

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት የአንድን ሞል ክብደት ከፊት ባለው ቁጥር ማባዛት ነው። በእኩልዮሹ ላይ 3 ሃይድሮጅን ስለተጻፈ የሃይድሮጅን የሞል ክብደት 6.0 አይሆንም። የአንድ ሞል ክብደት የንጥረ ነገሩ የራሱ ጠባይ ነው፤ በየትኛውም እኩልዮሽ ውስጥ ቢገባ አይለወጥም። ከፊት ያለው ቁጥር የሚሠራው በሚቀጥለው እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ አትጠቀሙበት።

እርምጃ 3፦ ሞሉን ከፊት ላለው ቁጥር አካፍሉ

ይህ የዙር ብዛትን የሚሰጠን እርምጃ ነው፦

ናይትሮጅን፦ 2.00 ÷ 1 = 2.00 ዙር
ሃይድሮጅን፦ 5.00 ÷ 3 = 1.667 ዙር

ሃይድሮጅን ለ1.667 ዙር ብቻ ይበቃል፤ ስለዚህ ገዳቢው ግብዓት ሃይድሮጅን ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት ሁለቱን የተሳሳቱ አቋራጮች ለየብቻ ስለሚያሳይ ነው። ግራሙን ያወዳደረ ተማሪ "10.0 ከ56.0 ያንሳል፣ ስለዚህ ሃይድሮጅን" ብሎ በአጋጣሚ ትክክለኛውን ስም ይጽፋል። ሞሉን ያወዳደረ ደግሞ "2.00 ከ5.00 ያንሳል፣ ስለዚህ ናይትሮጅን" ብሎ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ተማሪ ያገኘው ነጥብ አደገኛ ነው፤ የተሳሳተ ዘዴ እንደሠራለት አምኖ ወደ ፈተና ይገባልና። ቁጥሮቹን ብቻ እንለውጥ፦ 7.0 ግራም ናይትሮጅንና 6.0 ግራም ሃይድሮጅን ቢሰጥ፣ ናይትሮጅኑ 0.25 ሞል፣ ማለትም 0.25 ዙር ነው፤ ሃይድሮጅኑ 3.0 ሞል፣ ማለትም 1.0 ዙር ነው። በግራም የሚበልጠው ናይትሮጅን እዚህ ገዳቢ ሆኗል።

ግብዓቶቹ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑም ዘዴው አይለወጥም፤ የእያንዳንዱን ዙር አግኝታችሁ ትንሹን ትይዛላችሁ። ሁሉም እኩል ዙር ከሰጡ ደግሞ ሁሉም እኩል ያልቃሉ፤ ትርፍ የለም። ጥያቄው ራሱ "በቂ ኦክስጅን ባለበት" ወይም "ከሚፈለገው በላይ በሆነ አሲድ" ካለ ገዳቢውን እንድትፈልጉ አልተጠየቃችሁም፤ ሌላው ግብዓት ገዳቢ መሆኑን ነግሯችኋል።

እርምጃ 4፦ ከትንሹ ዙር ተነስታችሁ ምርቱን አስሉ

አሁን የናይትሮጅኑን 2.00 ዙር እርሱት። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ የሚነሳው ከ1.667 ነው።

አሞኒያ፦ 1.667 × 2 = 3.333 ሞል
የአሞኒያ የአንድ ሞል ክብደት፦ 14.0 + (3 × 1.0) = 17.0 ግራም በሞል
የሚጠበቀው ምርት፦ 3.333 × 17.0 = 56.7 ግራም

ይህ በስሌት የሚጠበቀው ምርት፣ በክፍል ውስጥ ቲዮሬቲካል ይልድ የሚባለው ነው። አንድም ሞለኪውል ሳይባክን፣ ገዳቢው እስከ መጨረሻው ጠብታ ቢያልቅ የሚገኘው ጣሪያ ማለት ነው።

ስለ ማጠጋጋት አንድ ነገር ልበል። 1.667ን በመሃል 1.7 ብላችሁ ብታጠጋጉት መልሱ 57.8 ይሆናል፤ ከትክክለኛው አንድ ግራም በላይ ይርቃል። ቁጥሩን በካልኩሌተሩ ውስጥ እንዳለ አቆዩትና የመጨረሻውን መልስ ብቻ አጠጋጉ። ጥያቄው የተሰጠው በሦስት አሃዝ ከሆነ መልሱም በሦስት አሃዝ ይሁን።

እርምጃ 5፦ የተረፈውን አስሉ፣ ሥራችሁንም በእሱ ፈትሹ

ጥያቄው ባይጠይቃችሁም ይህን እርምጃ አትዝለሉት፤ መልሳችሁን ከማንም ሳትጠብቁ ራሳችሁ የምታርሙበት ነው።

ያለቀ ናይትሮጅን፦ 1.667 × 1 = 1.667 ሞል
የተረፈ፦ 2.00 − 1.667 = 0.333 ሞል፤ 0.333 × 28.0 = 9.3 ግራም

አሁን ደምሩ። በመጀመሪያ የገባው 56.0 + 10.0 = 66.0 ግራም ነው። በመጨረሻ ያለው 56.7 ግራም አሞኒያና 9.3 ግራም ናይትሮጅን ሲሆን ድምሩ 66.0 ግራም ነው። አንትዋን ላቩዋዚዬ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚዛን ያጸናው ሕግ ይህ ነው፦ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ አይጠፋም፣ አይፈጠርምም። ድምሩ ካልገጠመ፣ በማጠጋጋት ከሚመጣ ጥቂት ልዩነት በቀር፣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ ተመለሱ። በናይትሮጅኑ 2.00 ዙር ተነስቶ የሠራ ተማሪ 68.0 ግራም አሞኒያ ያገኛል፤ ከ66.0 ግራም ግብዓት 68.0 ግራም ምርት። አንድ ጊዜ መደመር ብቻ ከዚህ ያድነው ነበር።

እርምጃ 6፦ የምርት መቶኛ

የምርት መቶኛ = (በተግባር የተገኘ ምርት ÷ በስሌት የሚጠበቅ ምርት) × 100

42.5 ÷ 56.7 × 100 = 75.0 በመቶ

ሁለቱም ቁጥሮች የአንድ ምርት፣ በአንድ ዓይነት አሃድ መሆን አለባቸው፤ ግራም ለግራም ወይም ሞል ለሞል። በተግባር የተገኘው ምርት በስሌት አይመጣም። የሚመጣው ከሚዛን ነው፤ በቤት ሥራ ላይ ደግሞ ከጥያቄው ነው። ብዙዎች የተገኘውን ምርት ለገዳቢው ግብዓት ክብደት ያካፍላሉ። 42.5ን ለ10.0 ብናካፍል 425 በመቶ ይመጣል፤ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው።

75.0 በመቶ መጥፎ ነው? እንደ ሪአክሽኑ ነው። የአሞኒያ ሪአክሽን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ስለሆነ በተፈጥሮው እስከ መጨረሻው አይደርስም። ፍሪትዝ ሃበር መንገዱን ባገኘለት፣ ካርል ቦሽም ወደ ፋብሪካ ባሸጋገረው የአሞኒያ አመራረት፣ ጋዞቹ ሪአክሽኑን በሚያፋጥነው ንጥረ ነገር (ካታሊስት) ላይ አንድ ጊዜ ሲያልፉ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው በግምት 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አሞኒያው ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ ይለያል፤ ያልተለወጠው ጋዝ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። በዚህ መመላለስ አጠቃላዩ ውጤት ከ95 በመቶ በላይ ይደርሳል። ሃበር በዚህ ሥራ የ1918 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። አነስተኛ መቶኛ የሥራው መጨረሻ አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መቶኛው ከመቶ ሲበልጥ

አሁን ወደ አንድ የቤተ ሙከራ ሥራ እንቅረብ። 12.5 ግራም ሰማያዊ የኮፐር (የመዳብ) ሰልፌት ክሪስታል በሙቅ ውኃ ይሟሟል። በላዩ 3.50 ግራም የብረት ብናኝ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ፈሳሹ ሰማያዊነቱ እየደበዘዘ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ከቢከሩ (ከመስታወት ዕቃው) ሥር ቀይ ቡናማ የመዳብ ዱቄት ይከማቻል። እኩልዮሹ ቀላል ነው፤ ከፊት ያሉት ቁጥሮች ሁሉም 1 ናቸው፦

ብረት + ኮፐር ሰልፌት → አይረን ሰልፌት + መዳብ

የብረት የአንድ ሞል ክብደት 55.85 ነው፤ 3.50 ÷ 55.85 = 0.0627 ሞል። ኮፐር ሰልፌቱስ? ሰንጠረዡን አይታችሁ መዳብን፣ ድኝንና አራት ኦክስጅንን ብትደምሩ 159.6 ይመጣል፤ 12.5 ÷ 159.6 = 0.0783 ሞል። በዚህ ስሌት ገዳቢው ብረት ነው፤ የሚጠበቀው መዳብም 0.0627 × 63.55 = 3.98 ግራም ነው።

ግን "ሰማያዊ ክሪስታል" የሚለውን ቃል እንደገና አንብቡት። ሰማያዊው ክሪስታል ደረቅ ኮፐር ሰልፌት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የኮፐር ሰልፌት ክፍል 5 የውኃ ሞለኪውሎችን በውስጡ ይዟል። ውኃ የሌለበት ኮፐር ሰልፌት ነጭ ነው። የሰማያዊው የአንድ ሞል ክብደት 249.7 ነው፤ 12.5 ÷ 249.7 = 0.0501 ሞል። አሁን ገዳቢው ኮፐር ሰልፌቱ ሆነ፤ የሚጠበቀውም መዳብ 3.18 ግራም ብቻ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ገዳቢው ተገለበጠ። ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ የምትወስዱትን ነገር ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የሞል ክብደት ውኃውን የሚጨምር መሆኑንም ተመልከቱ።

እንግዲህ ዱቄቱን አጥልላችሁ ስትመዝኑት 3.88 ግራም ቢሆንስ? 3.88 ÷ 3.18 × 100 = 122 በመቶ። የቁስ ጥበቃ ሕግ ስላልፈረሰ ከመቶ የሚበልጥ መቶኛ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፦ በሚዛኑ ላይ ያለው ምርቱ ብቻ አይደለም። አብሮ የተመዘነው ምን እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ይነግረናል። ብረቱ ትርፍ ነበር፤ 0.0627 − 0.0501 = 0.0126 ሞል፣ ማለትም 0.70 ግራም ብረት ሳይለወጥ ቀርቷል። 3.18 እና 0.70 ሲደመር ልክ 3.88 ይሆናል። የመዘናችሁት መዳብና ብረት ተቀላቅለው ነው።

መፍትሔው ዱቄቱን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ ነው። ብረቱ በአሲዱ ውስጥ አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ መዳቡን አሲዱ አይነካውም። አረፋው ሲቆም አጥልላችሁ በውኃ ታጥባላችሁ፤ ታደርቁና ትመዝናላችሁ። በደንብ ሳይደርቅ ከተመዘነ አሁንም ከመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ለምሳሌ 3.35 ግራም ቢመዝን 105 በመቶ ይሆናል፣ ትርፉም ውኃ ነው። ደረቀ የምትሉት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተመዝኖ ክብደቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። በመጨረሻ 2.93 ግራም ቢገኝ መቶኛው 92.1 ነው፤ የሚታመን ቁጥር ነው። የጎደለው በማጣሪያ ወረቀቱ ላይ፣ በቢከሩ ግድግዳና በሚታጠብበት ውኃ ውስጥ የቀረ ነው።

በሪፖርታችሁ ላይ "122 በመቶ፣ በስህተት ምክንያት" ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ስህተት እንደሆነ፣ ስንት ግራም እንደጨመረም ጻፉ። መምህር የሚፈልገው ያንን ነው፤ ቁጥሩ ከመቶ መብለጡ ብቻውን ነጥብ አያስቀንስም፣ አለመመርመሩ ነው የሚያስቀንሰው።

ከዚህ ሙከራ የምወደው ሌላ ነገር አለ። የትኛው ግብዓት ትርፍ እንደሚሆን የሚወስነው ሙከራውን የሚያቅደው ሰው ነው። ኮፐር ሰልፌቱ በትርፍነት ቢሰጥ ኖሮ የተረፈው በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀርና በማጥለል ብቻ ይለይ ነበር። ጥሩ ዕቅድ ማለት በቀላሉ የሚለየውን ትርፍ ማድረግ ነው።

ግብዓቱ በግራም ሳይሆን በፈሳሽ መጠን ሲሰጥ

የሚለወጠው እርምጃ 2 ብቻ ነው። ለሙሌት (በክፍል ውስጥ ሶሉሽን ለሚባለው፣ ንጥረ ነገር ለሟሟበት ፈሳሽ)፦ ሞል = የሙሌቱ መጠን በሊትር × በሊትር ያለው ሞል። ሚሊ ሊትሩን መጀመሪያ ለ1000 አካፍሉ። ይህን መርሳት መልሱን አንድ ሺህ ጊዜ ያሳብጠዋል፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር ስታዩ ቀድማችሁ ሊትሩን ጠርጥሩ።

50.0 ሚሊ ሊትር የሌድ ናይትሬት ሙሌት ከ75.0 ሚሊ ሊትር የፖታሲየም አዮዳይድ ሙሌት ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለቱም በሊትር 0.200 ሞል አላቸው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን በቅጽበት ደማቅ ቢጫ ሌድ አዮዳይድ ይወጣል።

1 ሌድ ናይትሬት + 2 ፖታሲየም አዮዳይድ → 1 ሌድ አዮዳይድ + 2 ፖታሲየም ናይትሬት

ሌድ ናይትሬት፦ 0.0500 × 0.200 = 0.0100 ሞል፤ ÷ 1 = 0.0100 ዙር
ፖታሲየም አዮዳይድ፦ 0.0750 × 0.200 = 0.0150 ሞል፤ ÷ 2 = 0.00750 ዙር

በመጠንም በሞልም የሚበልጠው ፖታሲየም አዮዳይድ ገዳቢ ነው። የሚጠበቀው ምርት 0.00750 × 461.0 = 3.46 ግራም ነው። ደርቆ የተመዘነው 3.22 ግራም ከሆነ መቶኛው 93.1 ይሆናል። ሌድ አዮዳይድ በሙቅ ውኃ ውስጥ ከቀዝቃዛ ይልቅ በጣም ይሟሟል፤ ስለዚህ ቢጫውን ዝቃጭ በሙቅ ውኃ ያጠበ ሰው ምርቱን ከውኃው ጋር ይደፋዋል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በጥቂቱ ማጠብ ነው። የሌድ ውህዶች መርዛማ ስለሆኑ ጓንት አድርጉ፤ ውኃውም ወደ ተራ ፍሳሽ አይደፋም።

ንጹሕ ፈሳሽ ሲሰጥ ደግሞ መጠኑን በእፍጋቱ አባዝታችሁ ወደ ግራም ትለውጣላችሁ፤ ከዚያም እንደተለመደው ወደ ሞል። የአሴቲክ አንሃይድራይድ እፍጋት በሚሊ ሊትር 1.08 ግራም ነው፤ 5.0 ሚሊ ሊትሩ 5.4 ግራም፣ በሞል ደግሞ 5.4 ÷ 102.1 = 0.053 ነው።

ጥያቄው ወደ ኋላ ሲጠየቅ

አስፕሪን የሚሠራው ከሳሊሲሊክ አሲድና ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ነው፤ አንድ ሞል ከአንድ ሞል ጋር፣ አንድ ሞል አስፕሪን ይሰጣል። ገዳቢው ሳሊሲሊክ አሲዱ እንዲሆን ይደረጋል፤ የተረፈው አንሃይድራይድ ውኃ ሲጨመርበት ወደ አሴቲክ አሲድ ስለሚለወጥ በቀላሉ ይወገዳል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የምርት መቶኛው 80.0 ከሆነ 10.0 ግራም አስፕሪን ለማግኘት ስንት ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ያስፈልጋል?

ብዙዎች 10.0ን በ0.800 አባዝተው 8.00 ይላሉ። ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ከሥራው ላይ የሚባክን ነገር ካለ መነሻችሁ ከ10.0 መብለጥ አለበት ወይስ ማነስ? መብለጥ አለበት። ስለዚህ ይካፈላል፦

በስሌት የሚጠበቅ ምርት፦ 10.0 ÷ 0.800 = 12.5 ግራም አስፕሪን
በሞል፦ 12.5 ÷ 180.2 = 0.0694 ሞል
ሳሊሲሊክ አሲድ፦ 0.0694 × 138.1 = 9.58 ግራም

ደንቡ ይህ ነው፦ ከግብዓት ወደ ምርት ስትሄዱ በመቶኛው ታባዛላችሁ፤ ከምርት ወደ ግብዓት ስትመለሱ በመቶኛው ታካፍላላችሁ።

አንድ ምርት በብዙ ደረጃ ሲሠራ

የአንዱ ደረጃ ምርት ለቀጣዩ ግብዓት ከሆነ መቶኛዎቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፣ አማካያቸውም አይወሰድም። ሦስት ደረጃዎች 90፣ 80 እና 75 በመቶ ቢሰጡ አጠቃላዩ 0.90 × 0.80 × 0.75 = 0.54 ነው፤ 54 በመቶ። አማካዩን የወሰደ ተማሪ 82 በመቶ ይጽፋል፤ ያ ደግሞ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ደረጃ ብቻቸውን እንኳ የሚበልጥ፣ ሊሆን የማይችል ቁጥር ነው። እያንዳንዳቸው 80 በመቶ የሚሰጡ 10 ደረጃዎች ቢደረደሩ በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው 11 በመቶ ያህል ነው። መድኃኒት የሚሠሩ ኬሚስቶች አንዲት ደረጃ ለመቀነስ ዓመታት የሚደክሙት ለዚህ ነው።

በእንዲህ ያለው ጥያቄ ገዳቢውን የምትለዩት በመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በየመሃሉ አዲስ ግብዓት የሚጨመር ከሆነ ግን በዚያ ደረጃ ላይ እንደገና ዙሩን አስሉ፤ ከቀደመው ደረጃ የመጣው ንጥረ ነገር ሞሉ በመቶኛው ተባዝቶ ከቀነሰ በኋላ ያለው ነው የሚገባው። 0.200 ሞል ይዞ ከላይ ባሉት ሦስት ደረጃዎች ያለፈ፣ በየደረጃው አንድ ለአንድ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ 0.180፣ ከሁለተኛው በኋላ 0.144፣ ከሦስተኛው በኋላ 0.108 ሞል ይሆናል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ 0.150 ሞል የሆነ፣ አንድ ለአንድ የሚገባ አዲስ ግብዓት ቢጨመር የሚወዳደረው ከ0.144 ጋር ነው። በመነሻው 0.200 ያወዳደረ ሰው አዲሱን ገዳቢ ያደርገዋል፤ በ0.144 ያወዳደረ ግን 0.006 ሞሉ እንደሚተርፍ ያያል።